አስማተኞቹ ሌቦችና የሐያስያን ፍርድ

ሰው መታለልን ይጠላል። በገበያ ሚዛን ያጎደለበትን ነጋዴ፣ በወዳጅነት ስም ገንዘቡን የበላበትን ባልንጀራ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። ይኸው ሰው ግን ማታ ልብሱን ለውጦ፣ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፣ በምትሃተኛ መድረክ ፊት ተቀምጦ «እስቲ አታለኝ» ይላል። ተታሎ ሲወጣም ደስ ብሎት ያጨበጭባል። በቀኑ ማታለልና በማታው ማታለል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ የምናነሣው ስለ አንድ ፊልምና ፊልሙ ከሐያስያን ዘንድ ስለ ገጠመው ፍርድ ለመነጋገር ስላሰብን ነው።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ናው ዩ ሲ ሚ» የተባለው ሲሆን ትርጓሜው «አሁን ታዩኛላችሁ» እንደ ማለት ነው። በ2013 በግንቦት ወር መጨረሻ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። አዘጋጁ ሉዊ ሌተሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ታሪኩም የመድረክ ምትሃተኞች ሆነው ሳለ ባንክ ስለሚዘርፉ አራት ሰዎች ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ፍርዱን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የምትሃትንና የፊልምን ዝምድና፣ ቀጥሎም የዘረፋ ፊልምን ልማድ ማወቅ ይጠቅማል።

በቋንቋችን አስማት፣ ጥንቆላና ምትሃት የሚባሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ። አፍዝ አደንግዝ የሚባለውን ድግምት የሚፈራ ሰው፣ በመድረክ ላይ መሐረቡን ወደ ርግብ የሚለውጠውንም ሰው በዚያው ዐይን ሊያየው ይችላል። ሲኒማ ራሱ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከዚህ ፍርድ አላመለጠም። ሥዕል ሲንቀሳቀስ ያየው ሕዝብ ማሳያውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይወሳል። ዳሩ ግን ጠንቋይና የመድረክ ምትሃተኛ የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ። ጠንቋዩ «ኀይል አለኝ፤ እመኑኝ» ይላል። የመድረኩ ሰው ግን «ብልኀት አለኝ፤ ከቻላችሁ ያዙኝ» ይላል። በእርሱና በተመልካቹ መካከል ያልተጻፈ ውል አለ። ሊያታልል እንደ መጣ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ተመልካቹም ፈቅዶ ተቀምጧል። ስለዚህ ማታለሉ ሐቀኛ ነው።

ይህ ውል በሌለበት ስፍራ ያው ብልኀት ምን እንደሚሆን የፈረንሳዩ የዣን ኢዩጄን ሮቤር ኡደን ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሰው በ1805 ተወልዶ በ1871 የሞተ፣ በሙያው ሰዓት ሠሪ የነበረ ነው። በ1845 በፓሪስ የራሱን ትርኢት ቤት ከፍቶ ምትሃትን ከገበያና ከመንገድ ዳር አውጥቶ የጨዋ ልብስ አለበሰው። ዝናውን የሰማው የፈረንሳይ መንግሥት በ1856 ወደ አልጄሪያ ላከው። ይህስ ስለምን ነው ቢሉ፣ በዚያ አገር በሕዝቡ ዘንድ የከበሩትን የሃይማኖት ሰዎች ተሰሚነት ለማዳከምና የፈረንሳይ ኀይል ከእነርሱ እንደሚበልጥ ለማሳየት ነበር። ሮቤር ኡደን ከተጠቀመባቸው ብልኀቶች አንዱ ትንሽ ሣጥን ነበረ። አንድ ብርቱ ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ ሣጥኑን በቀላሉ ያነሣል። ምትሃተኛው «ጉልበትህን ወስጄብሃለሁ» ካለ በኋላ ግን ሊያነቃንቀው እንኳ አይችልም። ምክንያቱም ሣጥኑ በመድረኩ ሥር በተደበቀ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማግኔት ተይዞ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። የፓሪሱ ተመልካች ወድዶ፣ ከፍሎ የመጣ የውሉ ተካፋይ ነበረ። የአልጄሪያው ተመልካች ግን አገሩ በጦር የተያዘበት ሰው ነበረ፤ የቀረበለትም ጨዋታ ሳይሆን የገዢ ማስፈራሪያ ነው። ብልኀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውሉ ስለ ጠፋ ሥራው ከጨዋታ ወደ ግፍ ተለወጠ።

የሮቤር ኡደን ስም ያረፈበትን የፓሪስ ትርኢት ቤት በ1888 ጆርጅ ሜልዬስ የተባለ ወጣት ምትሃተኛ ገዛው። ሜልዬስ ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ በግራን ካፌ ያሳዩትን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ ነበረ። ሌላው ሰው በመገረም ሲያይ፣ እርሱ ለሙያው የሚሆን አዲስ መሣሪያ መገኘቱን ተረዳ። በማግሥቱ ዓመት በ1896 አንዲት ሴት ከወንበር ላይ የምትሰወርበትን አጭር ፊልም ሠራ። ይህ ምትሃት በመድረክ ላይ ሲሠራ ከወለሉ ሥር የሚከፈት ድብቅ በር፣ የሠለጠነች ሴትና ብዙ ልምምድ ይጠይቅ ነበር። በፊልም ግን ካሜራውን አቁሞ፣ ሴቲቱን «ውጪ» ብሎ፣ መልሶ ማስጀመር ብቻ በቃ። በ1902 የሠራው የጨረቃ ጉዞ ፊልም ደግሞ ስሙን በዓለም አስጠራ። ከጊዜ በኋላ ግን ከስሮ፣ በ1923 የፊልሞቹን ቅጂዎች በገዛ እጁ እስከ ማቃጠል ደረሰ፤ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያም የሕፃናት መጫወቻ ይሸጥ ነበር። ኋላ የፊልም ወዳጆች ሥራውን መልሰው ስላወቁለት በ1931 የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ተሸለመ፤ በ1938 ዐረፈ።

እንግዲህ ሜልዬስ ለሲኒማ ትልቅ ሀብት ሲያወርስ፣ ለምትሃት ግን ትልቅ ችግር አስከትሎ ሄደ። ካሜራው ራሱ አስማተኛ ከሆነ፣ በካሜራው ፊት የቆመው አስማተኛ ምን ይሠራል? ስሙን ከሮቤር ኡደን የወረሰው ዝነኛው ሃሪ ሁዲኒ ይህን ችግር በራሱ ላይ አየው። በመድረክ ላይ እጅና እግሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ በውሃ ታንክ ውስጥ ተዘቅዝቆ ሲያመልጥ ሕዝቡ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። በፊልም መሥራት በጀመረ ጊዜ ግን ያን ያህል አላስደነቀም፤ የፊልም ድርጅቱም ትርፍ አላመጣለትም። ተመልካቹ በመድረክ ላይ «ሊሞት ነው» ይል የነበረውን፣ በሸራ ላይ «ፊልም ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። በ1960 ማርክ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ለቴሌቪዥን የምትሃት ትርኢት ማዘጋጀት ሲጀምር ይህን ስለሚያውቅ፣ ትርኢቱን በሕዝብ ፊት አቀረበ፤ ምትሃቱ ሲሠራም ካሜራው እንዳይቋረጥ ወሰነ። በካሜራ የተሠራ ማጭበርበር እንደሌለበት ለተመልካቹ ማረጋገጡ ነበር። ማለት የተበላሸውን ውል ማደሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ዘመድ፣ ወደ ዘረፋ ፊልም እንለፍ። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ልማድ የምትሃት ተቃራኒ ነው። በ1950 ጆን ሂውስተን ባዘጋጀው «አስፋልት ጃንግል»፣ በ1955 ጁልስ ዳሲን በፈረንሳይ ባዘጋጀው «ሪፊፊ» ተመልካቹ ከሌቦቹ ጋር አብሮ ያቅዳል፤ አብሮ ይሠራል። በ«ሪፊፊ» ውስጥ ሌቦቹ ከጌጣጌጥ መደብር በላይ ያለውን ወለል ሰብረው የሚገቡበት ክፍል ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አይነገርም፤ ሙዚቃም አይሰማም። መዶሻው፣ ገመዱ፣ ላቡ ሁሉ ይታያል። ፊልሙ ሌቦችን ያስተምራል ተብሎ የታገደበት አገርም ነበር። በዚያው ዓመት ዳሲን በካን የፊልም በዓል ለአዘጋጅነቱ የተሰጠውን ሽልማት ከሌላ አዘጋጅ ጋር ተካፈለ። የዘረፋ ፊልም ደስታ «እንዴት» የሚለውን በማሳየት ላይ ነው። የምትሃት ደስታ ግን «እንዴት» የሚለውን በመሰወር ላይ ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀንበር የሚጠምድ አዘጋጅ፣ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ የሚጎትቱ በሬዎችን እንደ ጠመደ ይቆጠራል።

የ2013ቱ ፊልም የገባበት ፈተና ይህ ነበር። አራቱ ምትሃተኞች አንዱ የካርታ ጥበበኛ፣ አንዱ ሰውን በቃል አፍዝዞ የሚያዝ፣ አንዷ ከሰንሰለት የምታመልጥ፣ አንዱም ኪስ አውላቂ ናቸው። አንድ ያልታወቀ ሰው ሰብስቦ «አራቱ ፈረሰኞች» አሰኛቸው። በላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ቆመው በፓሪስ ያለ ባንክ ይዘርፋሉ፤ ገንዘቡም በተመልካቹ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ቀጥሎ በኒው ኦርሊንስ የአንድ የኢንሹራንስ ባለጸጋ ገንዘብ ከሒሳቡ ወጥቶ፣ በ2005 በካትሪና ዐውሎ ነፋስ ለተጎዱና ካሣ ለተከለከሉ ሰዎች ይከፋፈላል። ኤፍ ቢ አይ የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ባልደረባ ዲለን ሮድስ ከእግር እግራቸው እየተከተለ ሊይዛቸው ይደክማል። ፊልሙን ያላየ አንባቢ ይቅር ይበለንና፣ በመጨረሻ አራቱን የሰበሰባቸውና ሥራውን ሁሉ ከጀርባ የመራው ይኸው አሳዳጃቸው ሆኖ ይገኛል። አባቱ ከካዝና ውስጥ አመልጣለሁ ብሎ ውሃ ውስጥ የሞተ ምትሃተኛ ነበረ፤ ልጁም በቀሉን ተወጣ።

ፊልሙ 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት፣ በመላው ዓለም ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በታየበት ሌሊት ከአዳራሽ የሚወጡትን ተመልካቾች የሚጠይቀው ሲኒማስኮር የተባለ ድርጅት ያገኘው ውጤት ኤ ማይነስ ነበር፤ ይህም ከፍ ያለ ማርክ ነው። በ2014ም በሕዝብ ድምፅ የሚሰጠውን የፒፕልስ ቾይስ ሽልማት በዘርፉ አገኘ። የሐያስያኑ ሸንጎ ግን ለሁለት ተከፈለ። ሂሶችን ሰብስቦ በነጥብ የሚያሰላው ሜታክሪቲክ ከ100 የሰጠው 50 ነበር። ሮተን ቶሜቶስ በተባለውም መዝገብ ፊልሙን የደገፉት ከጠቅላላው ሐያስያን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የደገፉት ፍጥነቱን፣ ጨዋታውንና ተዋንያኑን አመሰገኑ። ማይክል ኬን፣ ሞርገን ፍሪማን፣ ማርክ ረፈሎ፣ ዉዲ ሃረልሰን፣ ጄሲ አይዘንበርግና አይላ ፊሸር በአንድ ፊልም መገናኘታቸው ራሱ ድግስ ነው አሉ። የነቀፉት ያቀረቡት ክስ ሲጠቃለል ሦስት ነው። አንደኛው፣ ካሜራው ያለ ዕረፍት ስለሚዞር ሰዎቹን ለማወቅ ጊዜ አልተገኘም፤ ፈረሰኞቹ ስም እንጂ ጠባይ የላቸውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከምትሃቶቹ ብዙዎቹ በኮምፒዩተር የተሠሩ ስለሚመስሉ አያስደንቁም፤ ሴት ልጅ ከሕዝቡ በላይ በአረፋ ውስጥ ስትንሳፈፍ ተመልካቹ «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም የሚል ነው። ሦስተኛውና የከበደው ክስ የመጨረሻው ምስጢር ከቀደመው ታሪክ ጋር አይገጥምም፤ አሳዳጁ ማንም በማያየው ጊዜ እንኳ እንደ ተሸነፈ ሰው ሲናደድ አይተነዋልና ይህ ሁሉ ለማን ሲል ያስመሰለው ነው የሚል ነው።

ሁለተኛውን ክስ የሚያጠናክር አንድ እውነተኛ ነገር ፊልሙ ሲሠራ ደርሷል። አይላ ፊሸር በውሃ ታንክ ውስጥ በሰንሰለት ታስራ በምትታይበት ትርኢት ላይ ሰንሰለቱ በእውነት ተይዞባት ከሞት አፋፍ መድረሷን ራሷ ተናግራለች። በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች ግን ጥሩ ትወና መስሏቸው ነበር። ካሜራ ሁሉን ማድረግ በሚችልበት ስፍራ እውነተኛ ጭንቅ እንኳ እንደ እውነት አይቈጠርም። ሁዲኒ ዘጠና ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የደረሰበት ችግር ይህ ነበር።

ታዲያ ሕዝቡ ስለምን ወደደው? ስለ ሁለት ምክንያት ይመስለናል። የመጀመሪያው በ2008 ከደረሰው የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባንክና ኢንሹራንስ ሲዘረፍ ማየት ለብዙ ሰው የልብ ማርኪያ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፊልሙ ውሉን የጠበቀበት ክፍል ስላለው ነው። የፓሪሱ ዘረፋ እንዴት እንደ ተፈጸመ በኋላ ይገለጻል። ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ በፊት በመንገድ ላይ ተወስዷል፤ በካዝናው ውስጥ የነበረው በእሳት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ወረቀት ነው፤ «ወደ ፓሪስ ተላከ» የተባለውም ሰው ከመድረኩ ሥር በተሠራ አስመሳይ ካዝና ውስጥ ወድቋል። እዚህ ላይ የሜልዬስ ካሜራ ሳይሆን የጥንቱ የመድረክ ድብቅ በር ሠርቷል። ተመልካቹ መልሱን ሲሰማ ግንባሩን መትቶ «ዐይኔ እያየ!» ይላል። ምትሃቱም ዘረፋውም በአንድነት የተሳኩበት ስፍራ ይህ ነው።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ሥራ ለመመዘን የቆየ መለኪያ አለን፤ እርሱም ሰምና ወርቅ ነው። ጥሩ ቅኔ ወርቁን በሰሙ ውስጥ ይሰውራል። ወርቁ በተገለጠ ጊዜ ሰሚው ወደ ኋላ ተመልሶ ቢመረምር፣ ቃሉ ከመጀመሪያው በዚያው እንደ ነበረ ያያል፤ ያላስተዋለው እርሱ ነው። ሰሙ የማይሸከመውን ወርቅ ከውጭ አምጥቶ «ይህን ማለቴ ነው» የሚል ባለቅኔ ቢኖር ግን በጉባኤው ፊት ያፍራል። በዚህ መለኪያ ስንመዝነው፣ የባንኩ ዘረፋ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ያለ ቅኔ ነው። የአሳዳጁ ምስጢር ግን ከውጭ የመጣ ወርቅ ነው። በ2006 ክሪስቶፈር ኖላን ስለ ሁለት ተፎካካሪ ምትሃተኞች ያዘጋጀው «ዘ ፕሬስቲጅ» እስከ ዛሬ በምሳሌነት የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻውን ያወቀ ሰው ፊልሙን እንደ ገና ቢያይ፣ ምስጢሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በፊቱ ተዘርግቶ እንደ ነበር ያገኘዋል።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሸንጎው ለሁለት መከፈሉ የሐያስያንን ዐዋቂነት ወይም የሕዝቡን አላዋቂነት አያሳይም። ፊልሙ ራሱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሕዝቡ ውሉ በተጠበቀበት ክፍል ተደሰተ፤ ሐያስያን ውሉ በፈረሰበት ክፍል አዘኑ፤ ሁለቱም ያዩት ትክክል ነበረ። በ2016 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ይህን ያስረዳል። እርሱም በዓለም ዙሪያ ከ330 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ የሐያስያን ድጋፍ ግን ከመጀመሪያው በጣም ዝቅ አለ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ሦስተኛው ወጣ። ገበያው አልደከመም፤ ጥያቄውም አላረጀም።

ስለ አንድ የጨዋታ ፊልም ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ካሜራው ከሲኒማ አዳራሽ ስለ ወጣ ነው። በአሁኑ ጊዜ በኮምፒዩተር ብልኀት የአንድን ሰው መልክና ድምፅ አስመስሎ፣ ያልተናገረውን ያናገረ፣ ያላደረገውን ያደረገ አድርጎ ማሳየት ተችሏል። ይህ ሲደርስብን መግቢያ አልከፈልንም፤ «እስቲ አታሉኝ» ብለንም አልተቀመጥንም። በአልጄሪያ መድረክ ላይ ያ ብርቱ ሰው ሊያነሣው ያቃተው ሣጥን ዛሬ በየቤታችን ገብቷል። እንዲህ ባለ ዘመን «ይህ እንዴት ተሠራ? ወርቁስ በእውነት በሰሙ ውስጥ አለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሐያሲ ደስታችንን የሚቀማ ሰው ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በሸራው ላይ ያለው አስማተኛ ሌባ ተጫውቶ ይሄዳል፤ ከሸራው ውጭ ያለው ግን አይጫወትም። ዐይን ማየቱን ይቀጥል፤ ልብ ግን መመርመሩን አይተው።